ያልተለመዱ የቆዳ ኢንፌክሽኖችና የቆዳ ቀለም ለውጦች፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከዘነበወርቅና ከዓለም ባንክ አልፎ እስከ ሰበታ፣ ከአስኮ እስከ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ሱሉልታ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች ወደ ቆዳ ሕክምና ሲመጡ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። በዚህ ዳርቻ ከተማውና ገጠሩ ስለሚገናኙ ከብት የሚያረባው፣ ከሩቅ አገር ለቀን ሥራ የመጣውና መሀል ከተማ ቢሮ ውሎ የሚገባው ሰው አጥር ለአጥር ይኖራሉ፤ በመሆኑም በመሀል ከተማ ብርቅ የሚባሉ የቆዳ ሕመሞች እዚህ አልፎ አልፎ ይታያሉ። መልሶቹ ምርመራን አይተኩም፤ መቼ መመርመር እንደሚያስፈልግና ሐኪሙ ለምን እንደዚያ እንደሚጠይቅ ግን ይገልጻሉ።

ቆዳዬ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጥቷል። ለምጽ ነው ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ምልክት የሚተዉ ሕመሞች ብዙ ስለሆኑ ቀለሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚለየው ቀለሙ ፈጽሞ ጠፍቶ ቆዳው እንደ ወተት ነጥቶ እንደሆነ፣ ወይም ከቀድሞው ፈዘዝ ብሎ ብቻ እንደሆነ ነው። ፈጽሞ የነጣ፣ ዳሩ ጥርት ያለ፣ የማይቀረፍና የማያሳክክ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ለምጽ ነው።

ፈዘዝ ያለው ግን በርካታ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በደረት፣ በጀርባና በአንገት ላይ ተበታትኖ የሚወጣውና በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት የሚረግፈው ቋቁቻ ነው፤ የሚያመጣው በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ማላሴዚያ የሚባል የፈንገስ ዓይነት ሲሆን ሙቀትና ላብ ሲበዛ ይባባሳል። ለዚህ የሚታዘዘው ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ወይም ክሬም ፈንገሱን በአጭር ጊዜ ያጠፋዋል፤ ቀለሙ ለመመለስ ግን ወራት ይወስዳል። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ ሲዞሩና ገንዘባቸውን ሲጨርሱ ይታያሉ። በተማሪ ልጆች ጉንጭ ላይ የሚታየው ደረቅና ዳሩ የማይለይ ንጣት ደግሞ ቀላል የቆዳ መቆጣት ነው፤ ቫዝሊን ቢጤ ማለስለሻና ፀሐይን መቀነስ ይበቃዋል፣ በጊዜውም ይጠፋል።

ሁለት የማይረሱ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ፈዘዝ ያለው ወይም ቀላ ያለው ምልክት ደረቅ ከሆነ፣ ላብ ካላወጣ፣ ጠጉሩ ከረገፈና በተለይም ከደነዘዘ ሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑ መጣራት አለበት። ሁለተኛው ታማሚው የኖረበት አገር ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ፈጣን ወንዞች አጠገብ ለዓመታት የኖረ ሰው በቅልጥሙ ላይ እንደ ነብር ቆዳ የተነጣጠበ ንጣት ካለው በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርኪያሲስ ይጠረጠራል። በመተማ ወይም በሁመራ ለእርሻ ሥራ ወርዶ ካላዛር የሚባለውን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ የጣፊያና የጉበት ሕመም የታመመ ሰውም ከታከመ በኋላ ፊቱ ላይ ነጣጣ ምልክትና እብጠት ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ «ከየት ነው የመጡት?» ተብለው ሲጠየቁ የምርመራው አካል መሆኑን ይረዱ።

ምልክቱ መደንዘዙን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል?

በከፊል ይቻላል። ታማሚው መጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ ምን እንደሚደረግ ይይ፤ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍንና ሌላ ሰው የጥጥ ጫፍ አሹሎ ጤናማውን ቆዳና ምልክቱን እያፈራረቀ በቀስታ ይንካው፤ ታማሚውም የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳይ። ጥጡ መነካት እንጂ መጎተት የለበትም፤ መርፌም አያስፈልግም። ጤናማውን ቆዳ በትክክል እያሳየ ምልክቱ ላይ ሲደረስ ዝም የሚል ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የዚህ ፈተና ድክመት መታወቅ አለበት። ፊት ላይ ያሉ ምልክቶች ሥጋ ደዌ ሆነውም ስሜታቸው ላይጠፋ ይችላል። ባክቴሪያው በብዛት በሚገኝበት የሕመሙ ዓይነትም ምልክቶቹ ብዙና ደብዛዛ ሲሆኑ ስሜታቸው እንዳለ ይቆያል፤ ይልቁንም የጆሮ ጫፍ መወፈር፣ የቅንድብ ጠጉር መሳሳትና የእጅና የእግር መደንዘዝ ይታያል። እንጀራ ስትጋግር ጣቷ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሮ እስክታየው ድረስ ያልታወቃት ሴት፣ ወይም ሚስማር ጫማውን በስቶ ገብቶ ማታ ሲያወልቅ ብቻ ያወቀ ሠራተኛ፣ ቆዳው ላይ አንዳች ምልክት ባይኖር እንኳ የነርቭ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሥጋ ደዌ ዛሬም አለ ወይ?

አለ። ቁጥሩ ከቀድሞው በጣም ቢቀንስም በኢትዮጵያ በየዓመቱ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት አሉ፤ ሕፃን መታመሙም ሕመሙ አሁንም እየተላለፈ መሆኑን ያሳያል። በአዲስ አበባ ይህ ሕመም የራሱ ታሪክና ሰፈር አለው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረው ዘነበወርቅ የታማሚዎች ማረፊያ ተቋቋመ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው ቦታ አለርት ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ሆኖ ተመሠረተ። አጠገቡ ያለው የምርምር ተቋም የሚጠራው ባክቴሪያውን በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው በኖርዌጂያዊው ሐኪም በአርማወር ሀንሰን ስም ነው። ከተማው ሰፍቶ ዘነበወርቅን ከዋጠው ቆይቷል። ሆኖም በአካባቢው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሰፈራቸውን ሲናገሩ ዛሬም የሚደርስባቸው ሽሙጥ ታማሚዎች ሕመማቸውን እንዲደብቁ የሚገፋፋ በመሆኑ፣ ሕመሙን ከሚያመጣው ባክቴሪያ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሕመሙ የሚተላለፈው ካልታከመ ሰው አፍንጫና አፍ በሚወጣ ረቂቅ ጠብታ፣ ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር ነው። በመጨባበጥ፣ በአንድ ማዕድ በመብላት ወይም በታክሲ አብሮ በመሄድ አይተላለፍም፤ ከሰዎች እጅግ የሚበዙትም በተፈጥሮ ይቋቋሙታል። ባክቴሪያው በጣም በዝግታ ስለሚራባ ከተጋለጡበት ጊዜ አንሥቶ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

የሥጋ ደዌ ሕክምና ምን ይመስላል? ምን ያህልስ ይከፈልበታል?

መድኃኒቱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በአንድ ማሸጊያ ተዘጋጅተው፣ ባክቴሪያው ጥቂት ለሆነበት ታማሚ ለ6 ወር፣ ብዙ ለሆነበት ለ12 ወር ይሰጣሉ። ሕክምናው ከተጀመረ ጥቂት ጊዜ በኋላ ታማሚው ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ ደም አይደለም። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ ቀለሙ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገራቸው በተለይ ወጣቶች ፊታቸው ሲጠቁር መድኃኒቱን ይጥሉታል።

በሕክምናው መሀል ወይም ካለቀ በኋላ ምልክቶቹ በድንገት ቀልተው ቢያብጡ፣ ነርቭ ቢያም፣ እጅ ወይም እግር ቢዝል፣ ወይም የሚያም ቀይ እብጠት ከትኩሳት ጋር ቢወጣ ይህ ሪአክሽን ይባላል። ሰውነት በባክቴሪያው ቅሪት ላይ የሚያስነሣው ቁጣ ነው እንጂ የመድኃኒቱ መክሸፍ አይደለም። በዚያው ሳምንት መታየት አለበት፤ ከ6 ወር ያልበለጠው የነርቭ ጉዳት ፕሬድኒሶሎን በተባለው ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ሲሆን፣ የቆየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። የጣት መቆረጥና የእግር መቁሰል የሚመጣው ደንዝዞ የቀረ እጅና እግር በየዕለቱ ሲቃጠልና ሲቆስል ነው፤ ሥጋው በባክቴሪያው ተበልቶ እንደሚወድቅ የሚነገረው ስሕተት ነው። አብረው የሚኖሩ ቤተሰቦችም ይመረመራሉ፤ ምልክት የሌለባቸው የመከላከያ ሪፋምፒሲን አንድ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል።

ጠበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን መውሰድ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ የሚያጋጭ ነገር የለም። የጾም ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ኪኒኑን ከምግብ ጋር በሚገድፍበት ሰዓት እንዲወስድ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይችላል። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ እግሩ የደነዘዘ ሰው ጫማ አውልቆ በጠጠርና በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ሳያውቀው ይቆስላልና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ውስጥ እግሩን ማየት ወይም ሌላ ሰው እንዲያይለት ማድረግ አለበት። ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ብዙ ሰው የሚነከርበት ውሃ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ልጄ ለምጽ ወጥቶባታል። ይተላለፋል? ይድናል?

አይተላለፍም። ለምጽ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሜላኖሳይት የተባሉ ሴሎች በስሕተት ሲያጠቃ ነው፤ ከንጽሕና፣ ከእርግማንም ሆነ ከሥጋ ደዌ ጋር ግንኙነት የለውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ ተብሎ የተጠራው ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመምን፣ እንዲያውም በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ የሚወጣን ነገር ጭምር የሚጠቀልል በመሆኑ፣ ዛሬ በዚህ ስም ለሚጠራው ሕመም መለኪያ ሊሆን አይችልም። ይህን ማለት ያስፈለገው በጭራሽ የማይተላለፍ ሕመም ያለባት ልጅ ትምህርት ቤት ብቻዋን እንድትቀመጥ የሚደረግበት ጊዜ ስላለ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ ቢኖረውም ከታማሚዎች አብዛኞቹ ለምጽ ያለበት የቅርብ ዘመድ የላቸውም፤ ስለዚህ ለጋብቻ እንቅፋት የሚሆንበት የሕክምና ምክንያት የለም።

ሕክምና አለው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ለትንሽ ቦታ የስቴሮይድ ወይም የታክሮሊመስ ቅባት ይታዘዛል፤ ለሰፊ ቦታ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ የ311 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት ጨረር ሕክምና ጥሩ ውጤት አለው፣ ሆኖም ውጤቱን ለመመዘን ስድስት ወር ያህል መጠበቅ ያሻል። ፊትና አንገት በቶሎ ይመለሳሉ፤ የጣት ጫፍና ከንፈር በጣም ያስቸግራሉ። ቀለሙ የሚመለሰው ከጠጉር ሥር ከተረፉ ሴሎች ስለሆነ በምልክቱ ላይ ያለው ጠጉር ጭምር ከነጣ ተስፋው ይቀንሳል። ሕመሙ እየሰፋ ባለበት ወቅት ቆዳ የተጫረበት፣ የተቃጠለበትና የተነቀሰበት ቦታ ሁሉ አዲስ ለምጽ ሊያወጣ ስለሚችል ንቅሳትና የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ መቅረት አለበት። የእንቅርት ዕጢ መታወክ ከለምጽ ጋር አብሮ ሊከሰት ስለሚችል ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝ አይደንግጡ።

ከልደት ጀምሮ መላ ሰውነቱ የነጣ ልጅ ጉዳይ ለየት ያለ ነው፤ አልቢኒዝም ይባላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የፀሐይ ጨረሯ ከቆላው ይበረታል፤ ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለዚህ ልጅ የቆዳ ካንሰር መከላከያ ናቸው። ዓይኑም በየጊዜው መታየት አለበት።

ፊቴ ላይ የወጣው ቁስል ወራት አለፈው፤ አያመኝም፣ ግን አይድንም። ምን ሊሆን ይችላል?

በአፍንጫ፣ በጉንጭ ወይም በከንፈር ላይ የሚወጣ፣ ዳሩ የተነሣ፣ የማያምና ከወር በላይ የቆየ ቁስል በደጋው አገራችን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ቁንጭርን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ የወሎ ወይም የጎንደር ሕመም ይመስለዋል፤ ነገር ግን በሰበታ አካባቢ የምትገኘው ሜታ አቦ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቁንጭር ጥናት ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በስልጤም ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር።

የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው የሚለው አባባል በብዙ ቦታ ይሰማል። እውነታው ግን ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በገደልና በዋሻ በሚኖረው ሽኮኮ ውስጥ ይኖራል፤ ከዚያም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝመው፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማው የአሸዋ ዝንብ ማታ ማታ ነክሳ ወደ ሰው ታደርሰዋለች። የሌሊት ወፉም ሆነ ሽኮኮው የሚኖሩት በዚያው ገደል ነውና ሰዎች ቦታውን አላጡትም፤ የተሳሳቱት ጥፋተኛውን ሲለዩ ነው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት አይተላለፍም።

ብዙው ቁስል በራሱ ይድናል፤ ሆኖም ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል፣ ጎድጎድ ያለ ጠባሳም ይተዋል። ወደ አፍንጫ ውስጥና ወደ ከንፈር የሚዘልቀው ዓይነት ፊትን ያበላሻል፤ በመላ ሰውነት እንደ ጉብታ የሚዘራው ዓይነት ደግሞ በራሱ አይድንም፣ መልኩም ሥጋ ደዌ ይመስላል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ከቁስሉ ዳር በስለት ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እንደ ቁስሉ ዓይነት በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ የአንቲሞኒ መርፌ ወይም የሚልቴፎሲን እንክብል ይሰጣል። ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጎዳ እርጉዝ ሴት አትወስደውም፤ ሌሎች ሴቶችም በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ለወራት የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋቸዋል። በጋለ ብረት መተኮስ ቁስሉን ያሰፋዋል እንጂ ተሕዋሱን አያጠፋውም።

ከቅርጫ በኋላ እጄ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ወጣ። አደገኛ ነው?

ሳይዘገዩ ዛሬውኑ ይታዩ። የታመመ ወይም በድንገት የሞተ ከብት ከገፈፉ፣ ካረዱ ወይም ቆዳውን ከነኩ ከ1 እስከ 7 ቀን ውስጥ በእጅ፣ በክንድ ወይም በፊት ላይ የሚያሳክክ ብጉር ወጥቶ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ከዚያ መሀሉ እንደ ከሰል ከጠቆረና ዙሪያው በጣም ካበጠ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚያዘናጋው ቁስሉ አለማመሙ ነው። ካልታከመ ከአምስት ታማሚዎች አንዱን ያህል ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ በአንቲባዮቲክ ሲታከም ግን ሞት እጅግ ጥቂት ነው። ቅርፊቱን አይፈቅፍቁ፣ አይብጡት። ሥጋውን የተካፈሉ ሁሉ መነገር አለባቸው፤ የእንስሳት ሐኪምም መጠራት ይኖርበታል። በድንገት የሞተ ከብት መከፈት የለበትም፤ ደሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ባክቴሪያው ጠንካራ ዘር ያበጅና በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል።

እግሬ ያበጠው ከዓመታት በፊት እሾህ ከወጋኝ በኋላ ነው። ቀዳዳ አበጅቶ እንደ አሸዋ ፍሬ ያወጣል።

ይህ ማይሴቶማ ሊሆን ይችላል። በባዶ እግር የሚሠሩ ገበሬዎችና እረኞች ላይ የሚደርስ፣ በፈንገስ ወይም በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነበር። የሚወጣውን ፍሬ ቀለም ልብ ይበሉ፤ ጥቁር ፍሬ ፈንገስን ያመለክታል፣ ሕክምናውም ከዓመት በላይ የሚወሰድ ፀረ ፈንገስና አንዳንዴ ቀዶ ጥገና ነው። የባክቴሪያው ዓይነት ለመድኃኒት በተሻለ ይታዘዛል። አጥንት ውስጥ ከገባ ራጅ ያሳየዋል።

ለማድያት የገዛሁት ክሬም መጀመሪያ አቀላኝ፤ አሁን ግን ፊቴ ባሰበት። ለምን?

ፊትን በሁለት ሳምንት የሚያቀላ፣ የውስጡ ይዘት ያልተጻፈበት ክሬም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ አለበት። ስቴሮይዱ የፊት ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ጉንጭን ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁረት ያለብሰዋል፤ ይህን ማስለቀቅ ከማድያቱ ይከብዳል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሜርኩሪን ለመገደብ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ማምረትም ሆነ ከአገር አገር ማዘዋወር አይፈቀድም። ማድያት የሚነሣው በፀሐይ፣ በእርግዝናና በአንዳንድ የወሊድ መከላከያዎች ስለሆነ በየዕለቱ የፀሐይ መከላከያ ሳይቀቡና ጃንጥላ ሳይይዙ የትኛውም ክሬም አይረባም።

በሰፈር ፋርማሲ የሚሸጡ ድብልቅ ቅባቶች ሌላም ጣጣ አላቸው። ጭርት ላይ የተቀባ ስቴሮይድ ማሳከኩን ያስታግስና ፈንገሱን ያስፋፋዋል፤ መልኩም ስለሚቀየር ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ ይቸገራል። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ሕመሞች ብዙዎቹ ዘግይተው የሚታወቁት ቀድሞ በተቀባ ክሬም ምክንያት ነው።

የት ልሂድ? ምንስ ይዤ ልምጣ?

በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በዚያ ደረጃም ይገኛል። ቁንጭር፣ ማይሴቶማ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ የቀለም ለውጥ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይዘው የቆዳ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል፣ ለምዕራቡ ዳርቻ ነዋሪ ለምሳሌ ወደ አለርት ይሂዱ። የተጠቀሙበትን ክሬም፣ ኪኒንና የባህል መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ። ምልክቱ ሲጀምር በስልክ የተነሣ ፎቶ ካለ ያሳዩ። በሚመረመሩበት ቀን ቁስሉ ላይ ምንም ነገር አይቀቡ፤ ለቋቁቻም ሆነ ለጭርት ቅርፊቱ ተፍቆ ስለሚታይ ጠዋት ቆዳዎን በኃይል አሽተው አይታጠቡ።